የደረት ራጅን በኮምፒውተር ማንበብ፦ ለቲቢ ልየታ ሥራ የሚሆን መመሪያ

የራጅ መሣሪያ በገባበት ጤና ተቋም ሁሉ ራጁን የሚያነብ ራዲዮሎጂስት አይገኝም። ምስሉ ይነሣና አንባቢ በማጣት ቀናት ይቆያል፤ አለዚያም በር ላይ ብዙ ሕሙማን የሚጠብቁት ጠቅላላ ሐኪም በጥድፊያ አይቶ ያልፈዋል። ይህን ክፍተት ለመሙላት የተሠሩ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች አንድን የደረት ራጅ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መርምረው፣ በሳምባው ላይ ቲቢን የሚያጠራጥር ለውጥ ስለመኖሩ ግምታቸውን በቁጥር ያስቀምጣሉ፤ የተጠረጠረውንም ቦታ በቀለም ያመለክታሉ። ይህ መመሪያ የተጻፈው ፕሮግራሙን ለሚሠሩት ሳይሆን ለሚገለገሉበት፣ ማለትም ለጤና ተቋም ኃላፊዎች፣ ለራጅ ባለሙያዎች እንዲሁም በቲቢ ክፍል ለሚያገለግሉ ጤና መኮንኖችና ነርሶች ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ ፕሮግራሙ የሚሰጠው ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩ ከስንት ሲበልጥ ሰውየው አክታ እንዲሰጥ ይደረጋል የሚለውን ፕሮግራሙም ሆነ ሻጩ ሊወስኑት አይገባም። ውሳኔው አገልግሎቱን የሚሰጠው አካል ድርሻ ነው፤ ብዙው ችግር የሚመጣውም ይህ ሳይወሰን ሥራ ሲጀመር ነው።

ለየትኛው ሥራ እንደሚሆን

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የቲቢ ልየታ መመሪያ፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች እነዚህ ፕሮግራሞች በሰው አንባቢ ምትክ ዲጂታል የደረት ራጅን ለማንበብ ሊያገለግሉ እንደሚችሉ ምክረ ሐሳብ ሰጥቷል። ምክሩ ሁለት ዓይነት ሥራን ይመለከታል። አንደኛው ሕመም ይሰማኛል ብለው ያልመጡ ሰዎችን፣ ለምሳሌ የማረሚያ ቤት ታራሚዎችን፣ የማዕድን ሠራተኞችን ወይም ከቲቢ ሕመምተኛ ጋር አንድ ቤት የሚኖሩትን፣ በብዛት አንሥቶ መለየት ነው። ሁለተኛው ሳል ወይም ሌላ ምልክት ኖሯቸው ወደ ጤና ተቋም ከመጡት መካከል የአክታ ምርመራ የሚያስፈልገው ማን እንደሆነ የሚለይበት የትሪያጅ ሥራ ነው። ኢትዮጵያ ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ተብለው በድርጅቱ ከተዘረዘሩት 30 አገሮች አንዷ ስለሆነች ሁለቱም ሥራዎች እዚህ ቦታ አላቸው። በተለይም በልዩ ልዩ አገሮች በሕዝብ ላይ በተካሄዱ የቲቢ ስርጭት ጥናቶች፣ በላቦራቶሪ ከተረጋገጠባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ምልክት እንዳለባቸው ያልተናገሩ መሆናቸው ሲታሰብ፣ “ሳል አለህ?” ብሎ በመጠየቅ ብቻ ብዙ ሰው እንደሚያመልጥ ግልጽ ነው።

ምክሩ የማይሸፍነውንም ማወቅ ያስፈልጋል። ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በዚህ ምክር አልተካተቱም፤ የሕፃን ሳምባ ላይ ቲቢ የሚያሳየው ገጽታ ከአዋቂው ስለሚለይ፣ በአዋቂ ምስሎች የተማረ ፕሮግራም የሚሰጠውን ቁጥር ለልጅ መጠቀም አይገባም። ፕሮግራሞቹ የተዘጋጁት ከፊት ወይም ከኋላ ለተነሣ የደረት ራጅ ስለሆነ የጎን ምስልም አይሰጣቸውም። ከሳምባ ውጭ ያለ ቲቢ፣ ለምሳሌ የአንገት ንፍፊት፣ በእነርሱ አይፈለግም። ዋናው ነገር ደግሞ ከፍተኛ ቁጥር ማለት ቲቢ ተገኘ ማለት አለመሆኑ ነው፤ ቀጣዩ እርምጃ እንደ ጂን ኤክስፐርት ያለ የአክታ ምርመራ እንጂ መድኃኒት መስጠት አይደለም።

ፕሮግራሙ እንዴት እንደተማረ ስለ ማወቅ

ፕሮግራሙ ስለ ቲቢ ባክቴሪያ የሚያውቀው የለም። ያየው “ይህ የታመመ፣ ይህ ያልታመመ” የሚል ምልክት የተደረገባቸውን እጅግ ብዙ ምስሎች ነው፤ ከእነዚህም ሁለቱን የሚለያዩ የብርሃንና የጥላ አቀማመጦችን በራሱ አውጥቶ ይይዛል። ስለዚህ የሚያውቀው የታየውን ያህል ነው። በዚህ መስክ ለምርምር በሰፊው ያገለገለው፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2017 የለቀቁት ስብስብ ከ30,805 ሰዎች የተነሡ 112,120 የደረት ራጆችን ይዟል፤ የእያንዳንዱ ምስል ምልክት ግን የተወሰደው ራዲዮሎጂስቶች ከጻፉት ሪፖርት ውስጥ በኮምፒውተር ተለቅሞ እንጂ ምስሎቹ አንድ በአንድ እንደገና ታይተው አልነበረም። ሪፖርቱ የተሳሳተበት ወይም ለቃሚው ፕሮግራም የተሳሳተበት ሁሉ ወደ ተማሪው ይተላለፋል።

ከዚህ የባሰ ግን ፕሮግራሙ ትክክለኛውን መልስ በተሳሳተ ምክንያት መማሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የሳንባ ምች የሚለይ ፕሮግራም በአንድ የኒው ዮርክ ሆስፒታልና በሌሎች ተቋማት ምስሎች ሲፈትን፣ ፕሮግራሙ ምስሉ ከየትኛው ሆስፒታል እንደመጣ ከሞላ ጎደል ያለ ስህተት መለየት ችሎ ተገኘ። በአንደኛው ሆስፒታል ከምስሎቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ የሳንባ ምች ያለባቸው ሲሆኑ በሌላው ተቋም 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ፤ እንግዲህ ሳምባውን ሳያዩ ሆስፒታሉን በማወቅ ብቻ ጥሩ ውጤት ማምጣት ይቻል ነበር ማለት ነው። የራጅ ባለሙያው ቀኝና ግራን ለማመልከት የሚያስቀምጣት የብረት ፊደል እንኳ ፍንጭ ትሆናለች። ፈተናውን ከጎረቤቱ ኮርጆ ያለፈ ተማሪ ወንበሩ ሲቀየር እንደሚወድቅ ሁሉ፣ እንዲህ ያለ ፕሮግራምም ተቋም ሲቀየር ይወድቃል። ስለዚህ ሻጭ “ትክክለኛነቱ ይህን ያህል በመቶ ነው” ሲል መጠየቅ ያለበት “በየትኛው አገር፣ በምን ዓይነት መሣሪያ በተነሡ፣ በእነማን ምስሎች ላይ ተፈትኖ ነው? የተፈተነበትስ ምስል ከተማረበት የተለየ ነበር ወይ? ቲቢው የተረጋገጠው በአክታ ነው ወይስ በራዲዮሎጂስት አስተያየት?” የሚለው ነው። እነዚህን የማይመልስ ሻጭ ከሆነ ድርድሩን እዚያው ማቆም ይሻላል።

ከግዢ በፊት የሚጠየቁ ሌሎች ጉዳዮች የአሠራር ናቸው። ፕሮግራሙ ኢንተርኔት የሚፈልግ ነው ወይስ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻውን የሚሠራ? ክፍያው በምስል ብዛት ነው ወይስ በዓመት? የራጅ መሣሪያው ምስሉን በዳይኮም፣ ማለትም የሕክምና ምስሎች በሚቀመጡበት መደበኛ የፋይል ዓይነት፣ ያወጣል ወይ? ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ወረዳ ኢንተርኔት የሚሻ ፕሮግራም ሰልፍ ይፈጥራል እንጂ ሰልፍ አያቃልልም።

ምስሉን በሚገባ ማንሣት

ለፕሮግራሙ የሚቀርበው ምስል ከተበላሸ ቁጥሩም ይበላሻል፤ ፕሮግራሙ ደግሞ “ይህ ምስል አይረባም” ብሎ ሁልጊዜ አይመልስም። ሐኪም የተዛባ ራጅ ሲያይ ያዝንና “ድገሙት” ይላል፤ ማሽኑ ግን በዚያው በተዛባው ላይ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ለዚህም ነው የራጅ ባለሙያው በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ተጽዕኖ ያለው ሰው ነው የምለው።

ታማሚው ከተቻለ ቆሞ፣ ደረቱን መቀበያው ላይ አስጠግቶ፣ ጨረሩ ከጀርባው እንዲገባ ሆኖ ይነሣል፤ የጨረር ምንጩ ከመቀበያው 180 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። እጆቹን ወገቡ ላይ አድርጎ ትከሻውን ወደ ፊት ሲያጥፍ የትከሻ አጥንቶቹ ከሳምባው ላይ ይነሣሉ። ከዚያ “በደንብ ወደ ውስጥ ተንፍስና ያዝ” ይባላል፤ ይህ በታማሚው ቋንቋ መነገር አለበት፣ ምክንያቱም በግማሽ ትንፋሽ የተነሣ ሳምባ ታችኛው ክፍሉ የታመመ መስሎ ይነጣል። ምስሉ እንደወጣ፣ ወደ ፕሮግራሙ ከመላኩ በፊት፣ ባለሙያው ራሱ ሊያያቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ከድያፍራም (ደረትን ከሆድ ከሚለየው ጡንቻ) በላይ ከኋላ በኩል 9 ወይም 10 የጎን አጥንቶች መቆጠር አለባቸው፤ የሁለቱ የአንገትጌ አጥንቶች (ክላቪክል) ውስጠኛ ጫፎች ከአከርካሪው መሐል እኩል ርቀው ከታዩ ሰውየው አልዞረም ማለት ነው፤ የሳምባው ጫፍ ከላይ፣ የጎን አጥንቶችና ድያፍራም የሚገናኙበት ማዕዘንም ከታች ሳይቆረጡ መግባታቸው ይረጋገጥ። የጨረሩ መጠን በአንድ የደረት ራጅ 0.02 ሚሊሲቨርት ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ የተበላሸን ምስል አንድ ጊዜ መድገም ከተሳሳተ ውጤት ይሻላል።

በአገራችን ሁኔታ ትኩረት የሚሹ ሁለት ነገሮችን ለይቼ ላንሣ። የመጀመሪያው ሹሩባ ነው። ወፍራም ሆኖ የተጎነጎነና ትከሻ ላይ የወረደ ፀጉር በሳምባው ጫፍ ላይ ነጭ ጥላ ይጥላል፤ የአዋቂ ቲቢ አዘውትሮ የሚቀመጠው በዚያው በላይኛው የሳምባ ክፍል ስለሆነ፣ ሹሩባው ለፕሮግራሙ ቲቢ ይመስላል። ፀጉሩ ወደ ላይ ተሰብስቦ ከታሰረ ችግሩ ይቀራል። ሁለተኛው አንገት ላይ የሚታሰረው ነገር ነው። የማተቡ ክር ብዙም አይታይም፤ በክሩ ላይ ያለው የብረት መስቀል ወይም በብረት የተለበጠ ክታብ ግን ጉልህ ሆኖ ይወጣል። ማተቧን እንድትበጥስ የምትጠየቅ እናት ልታዝን፣ ምርመራውንም ልትተው ትችላለች። ክሩን ሳያወልቁ መስቀሉን ወደ ላይ ስቦ ከአገጭ በላይ መያዝ ወይም ከፀጉር ጋር ማያያዝ ስለሚቻል፣ ባለሙያው “ያውልቁት” ከማለት “ትንሽ ከፍ እናድርገው” ቢል ሥራውም ክብሩም ይጠበቃል። የጡት መያዣ ብረት፣ የብረት ቁልፍ ያለው ልብስና በደረት ኪስ ያለ ሳንቲም መውጣታቸው የታወቀ ነው።

በፊልም የታተመን ራጅ በስልክ ካሜራ አንሥቶ ለፕሮግራሙ መስጠት ብዙዎች የሚፈተኑበት አቋራጭ ነው። የመብራት ነጸብራቅ፣ የካሜራው ጥራትና ምስሉ ሲላክ የሚደርስበት መጨመቅ ጥቃቅን ምልክቶችን ያጠፋሉ፤ ፕሮግራሙ ለእንዲህ ዓይነቱ ምስል በተለይ ተፈትኖ ካልሆነ አይደረግ። ዲጂታል ምስልም ቢሆን ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ ተገልብጦ የሚመጣበት ጊዜ አለ፤ የመጀመሪያው ቀን ላይ ጥቂት ምስሎችን ልኮ ፕሮግራሙ የሚያሳየው ምስል ከመሣሪያው ጋር አንድ መሆኑን ማየት ብዙ ጣጣ ያድናል።

መቁረጫ ነጥቡን መወሰን

አንዳንዱ ፕሮግራም ከ0 እስከ 100፣ ሌላው ከ0 እስከ 1 ባለ መለኪያ ቁጥር ይሰጣል። 60 ማለት “60 በመቶ ቲቢ ነው” ማለት አይደለም፤ የአንዱ ፕሮግራም 60 ከሌላው 60 ጋርም አይወዳደርም። መቁረጫ ነጥቡ፣ ማለትም ሰው ለአክታ ምርመራ የሚላክበት ቁጥር፣ ዝቅ ሲል ብዙ ሕሙማን ይያዛሉ፣ ነገር ግን ብዙ ጤነኛም በከንቱ አክታ ይሰጣል፤ ከፍ ሲል ካርትሪጅ (ለእያንዳንዱ የጂን ኤክስፐርት ምርመራ አንድ የሚወጣው ዕቃ) ይተርፋል፣ ሕሙማን ግን ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ለትሪያጅ ምርመራ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ግብ ከ100 የቲቢ ሕሙማን 90ውን መያዝ፣ ቲቢ ከሌለባቸው 100 ሰዎች ደግሞ 70ውን በትክክል መልቀቅ ነው።

ነጥቡን በራስ ተቋም ለመወሰን የሚከተለው አሠራር ይበጃል። ለተወሰኑ ሳምንታት፣ ሳይመረጡ በተራ የመጡ አዋቂዎች ሁሉ ራጅ ይነሡ፤ ቁጥራቸው ከፍም ይበል ዝቅ፣ ሁሉም የአክታ ምርመራ ያድርጉ። ዝቅተኛ ቁጥር ያገኙትን ሳይመረምሩ መተው ትልቁ ስህተት ነው፤ የቀሩት ሕሙማን የሚደበቁት እዚያ ስለሆነ፣ ያልፈለጉትን ሰው “የለም” ማለት ይሆናል። ከዚያ በኤክሴል ሠንጠረዥ ላይ የእያንዳንዱ ሰው ቁጥርና የአክታ ውጤት ጎን ለጎን ይቀመጣል።

ለማስረዳት ያህል በምናብ የተሠራ ምሳሌ እንውሰድ። 500 ሰዎች ተመርምረው 40ዎቹ ቲቢ ተገኘባቸው እንበል። መቁረጫው 60 ቢሆን ኖሮ 90 ሰዎች ለአክታ ይላኩና 32 ሕሙማን ይያዙ ነበር። 50 ቢሆን 130 ተልከው 36፣ 40 ቢሆን 190 ተልከው 38፣ 30 ቢሆን ደግሞ 270 ተልከው 39 ይያዛሉ። አሁን ቁጥሮቹን በአንድ ዓይን ከማየት ይልቅ እያንዳንዱ እርምጃ ምን እንደሚያስከፍል ማስላት ይሻላል። ከ60 ወደ 50 ስንወርድ 40 ተጨማሪ ምርመራ 4 ተጨማሪ ሕሙማን ያስገኛል፤ ይኸውም ለአንድ ሰው 10 ምርመራ ነው። ከ50 ወደ 40 ለአንድ ሰው 30፣ ከ40 ወደ 30 ደግሞ 80 ምርመራ ይጠይቃል። በዚህ ምሳሌ ሁለቱንም የድርጅቱን ግቦች የሚያሟላው 50 ብቻ ነው፤ 40 ሲሆን ከሕሙማን 95 በመቶው ይያዛሉ፣ ግን ከጤነኞቹ በትክክል የሚለቀቁት 67 በመቶ ገደማ ናቸው።

ይሁንና ግቡ ስለተሟላ ብቻ አይወሰንም። ባለ አራት ክፍል የጂን ኤክስፐርት መሣሪያ በአንድ ዙር 4 ናሙና ይይዛል፤ አንዱ ዙር ሁለት ሰዓት ገደማ ቢወስድ በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ከ16 ናሙና አይበልጥም። ላቦራቶሪው ሌላ ሥራም አለበት። ካርትሪጅ በበቂ ካለና የሚመረመሩት ሰዎች ለአደጋ የተጋለጡ፣ ለምሳሌ ታራሚዎች ከሆኑ፣ እኔ ብጠየቅ ወደ 40 እወርዳለሁ፤ በማረሚያ ቤት አንድ ያመለጠ ሕመምተኛ ክፍሉን በሙሉ ያጋልጣልና። 40 የተረጋገጡ ሕሙማን ለውሳኔ ጥቂት መሆናቸውም አይዘንጋ፤ የሁለት ሰው ልዩነት ብቻ መቶኛውን በ5 ያናውጠዋል፤ ስለዚህ ምዝገባው ቀጥሎ ነጥቡ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ሊታይ ይገባል።

ለአንድ ቦታ የተወሰነ ነጥብም ለሌላው አያገለግልም። በምሳሌያችን በ50 ላይ አንድ ሕመምተኛ ለማግኘት 4 የማይሞሉ ምርመራዎች በቅተዋል። ያንኑ ነጥብ ከ1,000 ሰው 10ሩ ብቻ ቲቢ ባለበት የቀበሌ ዘመቻ ላይ ብንጠቀም፣ ፕሮግራሙ 9ኙን ቢይዝም ከ990ዎቹ ጤነኞች 200 ያህሉን አብሮ ይልካል፤ ለአንድ ሕመምተኛ 23 ምርመራ ማለት ነው። ፕሮግራሙ አልተበላሸም፤ የሚመረመረው ሕዝብ ተለውጧል።

ውጤቱን ማንበብ

የቀለም ምልክቱ ፕሮግራሙ የት እንዳተኮረ ያሳያል እንጂ የሕመሙን ዳርቻ አያሰምርም። ጥቅሙ በተለይ ፕሮግራሙ ሲሳሳት ነው፤ ቀለሙ ከሳምባው ውጭ፣ ክንድ ላይ ወይም የብረት ቁልፍ ላይ ካረፈ ቁጥሩን ማመን አይገባም፣ ምስሉ ይደገም።

በጥንቃቄ የሚታዩ ሰዎች አሉ። በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ ከ23,000 በላይ ሰዎች የተካተቱበትና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት አምስት ፕሮግራሞችን አወዳድሮ፣ ሁሉም ከ60 ዓመት በላይ በሆኑና ቀደም ሲል ቲቢ ታመው በነበሩ ሰዎች ላይ ደከም ያለ ውጤት ማሳየታቸውን አግኝቷል። ምክንያቱ አይከብድም፤ የዳነ ቲቢ ጠባሳ ይተዋል፣ ጠባሳውም ከአዲሱ ሕመም ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ “ከዚህ በፊት የቲቢ መድኃኒት ወስደዋል?” የሚለው ጥያቄ ከራጁ በፊት ተጠይቆ በቅጹ ላይ መጻፍ አለበት። ኤች አይ ቪ ያለባቸውና የመከላከል አቅማቸው በጣም የወረደ ሰዎች ደግሞ በተቃራኒው ቲቢ እያለባቸው ራጃቸው ንጹሕ ሊመስል ይችላል። ከዚህ የተነሣ ምልክት ያለበትን ሰው ዝቅተኛ ቁጥር ስላገኘ ብቻ መመለስ አይገባም፤ ሳሉ፣ የሌሊት ላቡና ክብደት መቀነሱ ራሳቸውን የቻሉ ምክንያቶች ናቸው።

ለቲቢ ብቻ የተሠራ ፕሮግራም ሌላውን ሕመም ሊያልፈው ይችላል። ያበጠ ልብ፣ በሳምባ ሽፋን ውስጥ የተቋጠረ ውኃ፣ ካንሰር ሊሆን የሚችል ጉብታ ያለበት ሰው “ለቲቢ ዝቅተኛ” የሚል ውጤት ይዞ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ አክታቸው ነጻ ሆኖ ቁጥራቸው ከፍ ያለባቸውን፣ እንዲሁም ከዝቅተኛዎቹ በዕጣ የተመረጡ ጥቂቶችን፣ በየሳምንቱ ለራዲዮሎጂስት የሚልክ አሠራር ከመጀመሪያው ቀን መዘርጋት አለበት፤ ሐኪሙ በሌላ ከተማ ቢሆንም ምስሉ ሊላክለት ይችላል።

ለታማሚው ሲነገር “ኮምፒውተሩ ቲቢ አለብህ ብሏል” አይባል። “ራጅዎ ላይ ማጣራት የሚያስፈልገው ነገር ስላለ አክታ እንዲሰጡ እንፈልጋለን” ማለት እውነትም ነው፣ ሰውየውንም አያስደነግጥም። ምስሉ ወደ ውጭ አገር ኮምፒውተር የሚላክ ከሆነ ስምና የካርድ ቁጥር ይነሣለት፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን በልዩ ጥንቃቄ ከሚያዙት መካከል ስለሚመድበው፣ ከአቅራቢው ጋር የሚደረገው ውል ምስሎቹ የት እንደሚቀመጡና ለሌላ ፕሮግራም ማስተማሪያ እንዲውሉ ይፈቀድ እንደሆነ በግልጽ መጻፍ አለበት።

በመዝገቡ ላይ ቀኑ፣ ፕሮግራሙ ለሰውየው የሰጠው ቁጥር፣ የአክታ ውጤቱና የፕሮግራሙ ቨርዥን በአንድ መስመር ይሰፍራሉ። የመጨረሻዋ ዓምድ ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን አቅራቢው ፕሮግራሙን ሲያድስ ቁጥሮቹ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊንሸራተቱ ስለሚችሉ፣ ትናንት 50 የነበረው ዛሬ ሌላ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ እድሳቱ ሳይነገር በራሱ እንዳይገባ በውሉ ይታሰር፤ አዲሱ ቨርዥን ሲመጣም በመዝገቡ ያሉት የቀድሞ ምስሎች በአዲሱ እንዲነበቡ ተደርጎ፣ ከአክታ ውጤታቸው ጋር በዚያው ሠንጠረዥ ተነጻጽሮ፣ መቁረጫ ነጥቡ እንደገና እስኪወሰን ድረስ በአሮጌው ይሠራ።